ቢላ ያልነካው ሁሉ አልተጎዳም ማለት አይደለም



በጀመዓችን ሳምንታዊ ውይይት ላይ አንዲት የፋርማሲ ተማሪ እህታችን ጥያቄ አነሣች። በዚያ ሳምንት በተግባር ትምህርት ክፍለ ጊዜ በአይጥ ላይ የሚሠራ ሙከራ ነበራቸው። አይጧን ስትይዛት የልቧ ምት በጓንቱ በኩል ተሰማት። መርፌውን መልሳ አስቀመጠችና ወጣች። «ነገ አላህ ፊት ስቆም ምን ብዬ ልመልስ?» አለችን።

ከኋላ ተቀምጦ የነበረ አንድ ወንድማችን መለሰላት። እሱ የመመረቂያ ጥናቱን በአይጦች ላይ የሚሠራ ነው። «እህቴ፣ አይጥ እኮ ናት! ቤት ስትገባ በወጥመድ የምንይዛት አይጥ። ደግሞ ዘመኑ ተቀይሯል፤ ያለ ቢላ ማየት፣ ያለ ቢላ ማከም ተችሏል። ምኑ ነው ያስጨነቀሽ?» አላት።

ክርክሩ በዚያ ቀን አላለቀም። ስናወጣ ስናወርድ ሰንብተን የደረስንበትን በዚህ እትም ልናካፍላችሁ ወደድን። ፈትዋ መስጠት የእኛ ድርሻ አይደለም። በዘመናችን ያሉ ብዙ ዑለማዎች እውነተኛ ጥቅም ላለው ምርምር፣ ስቃይን በተቻለ መጠን ቀንሶ፣ እንስሳትን መጠቀም እንደሚፈቀድ ተናግረዋል፤ ዝርዝሩን ከእነሱ መጠየቅ ይገባል። የእኛ ጥያቄ ከፈቃዱ በኋላ የሚመጣው ነው። የተፈቀደልንን ነገር የምንሠራው እንዴት ነው? «ያለ ቢላ ነው» የሚለው መልስስ ከአላህ ጥያቄ ያድነናል ወይ?

ያለ ቢላ ማየት፣ ያለ ቢላ ማከም

በመጀመሪያ ለወንድማችን ሐቁን እንስጠው። የተናገረው ለውጥ እውነተኛ ነው፤ ትልቅም ነው።

አንድ ተመራማሪ እባጭ በሰውነት ውስጥ ከሳምንት ሳምንት እንዴት እንደሚያድግ ማወቅ ፈለገ እንበል። በድሮው አሠራር በየሳምንቱ የተወሰኑ አይጦችን ገድሎ፣ ከፍቶ ማየት ነበረበት። በአምስት ሳምንት ውስጥ በየሳምንቱ ስምንት አይጥ ቢያስፈልገው ጠቅላላው 40 ይሆናል። ዛሬ በኤምአርአይ ወይም በአልትራሳውንድ እነዚያኑ ስምንት አይጦች አምስት ጊዜ ማየት ይችላል። ሌላም ጥቅም አለው። አንዲት አይጥ ዛሬ ያሳየችው ውጤት ባለፈው ሳምንት እሷው ራሷ ካሳየችው ጋር ስለሚነጻጸር ማስረጃው ይጠራል። በ1995 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በስተቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ የሚገኙ ተመራማሪዎች ብርሃን እንዲሰጡ የተደረጉ የሳልሞኔላ ባክቴሪያዎችን በሕያው አይጥ ውስጥ አስገብተው፣ ኢንፌክሽኑ የት እንደደረሰ ከውጭ በካሜራ መከታተል እንደሚቻል አሳዩ። አይጧ ሳትሞት በሽታው ታየ ማለት ነው።

ወደ ሕክምናው ስንመጣ ከመካከላችን የኩላሊት ጠጠር ያስቸገረው ዘመድ የሌለው ጥቂት ነው። ጠጠሩን ከውጭ በሚላክ ሞገድ አድቅቆ በሽንት እንዲወጣ የሚያደርገው ሕክምና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተሰጠው በ1980 በጀርመን፣ ሙኒክ ከተማ ነው። ክርስቲያን ሾሲና ባልደረቦቹ ወደ መጀመሪያው ሕመምተኛ ከመድረሳቸው በፊት ዘዴውን ለዓመታት የሞከሩት ኩላሊታቸው ውስጥ ጠጠር በተቀመጠባቸው ውሾች ላይ ነበር። ዛሬ አጎታችን ሆዱ ሳይከፈት ድኖ ወደ ቤቱ ሲገባ የእነዚያ ውሾች ድርሻ አለበት። ይህን ማስታወስ ይገባናል።

በአንጎል ላይ የሚሠራው ደግሞ ከዚህም ይደንቃል። በማጉያ መነጽር የፀሐይን ጨረር አንድ ነጥብ ላይ ሰብስበን ወረቀት ያቃጠልነውን የልጅነት ጨዋታ አስታውሱ። የድምፅ ሞገድንም እንዲሁ ከብዙ አቅጣጫ ወደ አንድ ነጥብ መሰብሰብ ይቻላል። ሐኪሙ ነጥቡን በኤምአርአይ ምስል እያየ፣ የራስ ቅሉን ሳይከፍት፣ አንጎል ውስጥ ያለችውን ትንሽ ቦታ ያሞቃል። የአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ይህን ሕክምና ለከባድ የእጅ መንቀጥቀጥ የፈቀደው በ2016 ነው።

ሞገዱ ቀለል ተደርጎ፣ በደም ውስጥ ከሚሰጡ እጅግ ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች ጋር ሲላክ ደግሞ ሌላ ሥራ ይሠራል። አንጎላችንን ከደም ውስጥ መርዝ የሚጠብቅ ግድግዳ አለ። ይህ ግድግዳ መርዙን እንደሚከለክል ሁሉ አብዛኛውንም መድኃኒት ይከለክላል። በ2001 ኩለርቮ ሂኒነን የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው፣ ግድግዳውን በተመረጠ ቦታ ብቻ ለጊዜው መክፈት እንደሚቻል በጥንቸሎች ላይ አሳዩ። በ2015 በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የአልዛይመር ዓይነት ለውጥ በአንጎላቸው የሚታይባቸውን አይጦች በዚሁ ሞገድ አክመው፣ አንጎል ውስጥ የተከማቸው ዝቃጭ መቀነሱን ዘገቡ። በ2018 በካናዳ አምስት የአልዛይመር ሕመምተኞች ላይ ግድግዳው ያለ ከባድ ጉዳት ተከፍቶ መልሶ መዘጋቱ ታየ። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ ሞገዱን ከመድኃኒት ጋር ያገኙ ሦስት ሕመምተኞች፣ ሞገዱ ባረፈበት ቦታ ዝቃጩ ይበልጥ መቀነሱ ታተመ። ሰዎቹ ዳኑ አልተባለም። ከጥንቸሉ እስከ ሦስቱ ሕመምተኞች 23 ዓመት ፈጅቷል።

አያቱ ስሙን ረስተው «አንተ የማን ልጅ ነህ?» ያሉት ሰው ይህን ተስፋ አይንቅም። እኛም አንንቅም። ለዚህ ነው «የእንስሳ ምርምር በሙሉ ይቅር» የሚል አቋም ያልያዝነው።

ድመቷን ቢላ አልነካትም

ግን ወንድማችን የተሳሳተው አንድ ቦታ አለ። ጉዳት ማለት መቅደድ ብቻ መስሎታል።

ከልጅነታችን ጀምሮ በመድረሳ የሰማነውን የድመቷን ሐዲስ እናስብ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንዲት ድመት ምክንያት ለቅጣት ስለተዳረገች ሴት ነግረውናል። ሴትየዋ ምን አደረገች? ድመቷን በቢላ አልነካቻትም። መርዝ አልሰጠቻትም። ዘጋችባት፤ አላበላቻትም፣ ራሷ ፈልጋ እንድትበላም አልለቀቀቻትም። ዙልሙ ያለው በመዝጋቱና በመርሳቱ ውስጥ ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በሁሉም ነገር ላይ ኢሕሳን እንደተደነገገ ሲያስተምሩም ምሳሌ ያደረጉት ማረድን ነው። ማረድ እንኳ ተፈቅዶ ሳለ ቢላው ይሳል፣ እንስሳው አይሰቃይ ብለዋል። ስለዚህ የተፈቀደ መሆኑ ጥያቄውን አይዘጋውም።

ዑለማዎቻችን ይህን በሚገባ ተረድተውታል። በ660 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ታላቁ ዓሊም ዒዝ ኢብኑ ዐብዱሰላም እንስሳት በሰው ላይ ያላቸውን መብት ሲዘረዝሩ፣ እንስሳው አርጅቶ ወይም ታሞ ጥቅም መስጠት ቢያቆም እንኳ ቀለቡ እንዳይቋረጥ ጽፈዋል። ሐኪሞቻችንም እንዲሁ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በአንደሉስ የኖረው ኢብኑ ዙህር የትንፋሽ ቧንቧን በቀዶ ጥገና የመክፈትን ዘዴ በሰው ላይ ከመሞከር ይልቅ በፍየል ላይ ሞከረ። ፍየሏን ከቀደዳት በኋላ ግን ትቷት አልሄደም። ቁስሏን በማርና በውሃ እያጠበ እስክትድን ተከታተላት። ለኛ ከሙከራው ባልተናነሰ የሚያስተምረን ይህ ክትትሉ ነው።

በአውሮፓም ተመሳሳይ አሳብ በ1959 ሁለት እንግሊዛውያን፣ ራስልና በርች፣ በጻፉት መጽሐፍ ሦስት መርሆች ሆኖ ወጣ፦ በእንስሳው ምትክ ሌላ መንገድ ካለ መተካት፣ ቁጥሩን መቀነስ፣ ስቃዩን ማቅለል። ዛሬ የዓለም የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች የሚሠሩት በእነዚህ ነው።

የማይታየው ዋጋ

አሁን ወደ ምስል መሣሪያው እንመለስ። ሕመምተኛን «ለሃያ ደቂቃ አትንቀሳቀስ» ማለት ይቻላል። አይጥን ግን ማለት አይቻልም። ስለዚህ ኤምአርአይ ውስጥ በገባች ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ማደንዘዣ ይሰጣታል። ከ20 እስከ 30 ግራም የምትመዝን ፍጥረት በማደንዘዣ ሥር ሙቀቷን በፍጥነት ታጣለች፤ ካልሞቀች ልትሞት ትችላለች። ዓይኗ ስለማይከደን እንዳይደርቅ ቅባት ያስፈልገዋል። ምስሉ በራጅ የሚነሣ ከሆነ ደግሞ ጨረሩ በተደጋገመ ቁጥር ይከማቻል። ይህን ሁሉ ቢላ አላደረገውም።

ቁጥር መቀነሱ ራሱ አንድ ከባድ ጥያቄ ያመጣል። የ40 አይጦችን ሥራ በስምንት ስንሠራው፣ የእያንዳንዷ ሸክም ሊጨምር ይችላል። አንዷ አምስት ጊዜ ትደነዝዛለች፣ አምስት ጊዜ ትነቃለች፣ በመካከሉም በሽታዋን ተሸክማ ትቆያለች። በድሮው አሠራር በመጀመሪያው ሳምንት የተገደለችው ይህን አላየችም። የትኛው ይሻላል? መልሱ እንደየምርምሩ ይለያያል። «ቁጥሩ ቀንሷል» ብሎ ብቻ መኩራራት ግን አይበቃም። አስቀድሞ «እዚህ ደረጃ ከደረሰች እናቆማለን፣ ስቃይዋንም እናሳጥራለን» ተብሎ ወሰን ካልተጻፈ፣ መቅደድ ቀርቶ ማሰቃየት ተተካ ማለት ነው።

ሌላው ዋጋ ከንቱ ምርምር ነው። የአይጥ የራስ ቅል ስስ ነው፤ የድምፅ ሞገድ በቀላሉ ያልፈዋል። የሰው ቅል ግን ወፍራም ነው፤ ሞገዱን ያጣምመዋል፣ ይውጠዋልም። በአይጥ የሠራው በሰው ወዲያው የማይሠራበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ይህን ሳያገናዝብ የተነደፈ፣ የትኛዋ አይጥ መድኃኒቱን እንደምታገኝ በዕጣ ያልለየ፣ «ውጤት አልተገኘም» ብሎ ደብቆ የቀበረ ጥናት እንስሳቱን በከንቱ ወስዷል። ሌላው ተመራማሪም ሳያውቅ ያንኑ ይደግመዋል፤ ሌሎች አይጦችም ያንኑ ይከፍላሉ። ያለ ጥቅም የጠፋች ነፍስ፣ ያለ ደም ብትጠፋም ጠፍታለች።

ወደ ግቢያችን

«እኛ ግቢ የአይጥ ኤምአርአይ የለ፤ ይህ ሁሉ ምን ያደርግልናል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። መሣሪያው የለንም፤ አይጦቹ ግን አሉን። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የባህል መድኃኒት ዕፅዋትን ለመፈተሽ የሚሠሩ ብዙ የመመረቂያ ጥናቶች በአይጥ ላይ የሚሠሩ ናቸው። በተለይ ለወባ የሚሆኑ ዕፅዋት የሚፈተኑት ፕላዝሞዲየም በርጌይ በሚባለው የአይጥ ወባ በተያዙ አይጦች ነው። የጥገኛውን ብዛት ለማወቅ ከጅራት ጫፍ የሚወሰድ አንድ ጠብታ ደም ይበቃል። አይጧን ሳይገድሉ በሽታውን መከታተል ይህ ነው፤ ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሚዛንና ቴርሞሜትርም እንዲሁ ናቸው።

ነገር ግን በዚሁ ሙከራ አይጦቹ ስንት ቀን እንደኖሩ ለመቁጠር እስኪሞቱ መጠበቅ የተለመደ ነው። ክብደቷ እየወረደ፣ ሰውነቷ እየቀዘቀዘ፣ ጥገኛው በደሟ እየበዛ የሄደች አይጥ እንደማትተርፍ ከታወቀ፣ የመጨረሻዋን ሌሊት እንድታጣጥር መተው ለሳይንሱ ምን ይጨምርለታል? ይህን ጥያቄ መምህሮቻችንን በአክብሮት መጠየቅ እንችላለን።

ልማድ እንደሚለወጥም ታሪክ ያሳየናል። ከ1927 ጀምሮ የአንድን ንጥረ ነገር መርዛማነት ለመለካት ከእንስሳቱ ግማሹን የሚገድለውን መጠን መፈለግ የዓለም ወግ ሆኖ ነበር፤ ብዙ እንስሳትም ይጠይቅ ነበር። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት ያን የቆየ መመሪያ በ2002 መጨረሻ ሰረዘው። አሁን ያሉት ዘዴዎች በጥቂት እንስሳት፣ የአንዱን ውጤት አይቶ ለቀጣዩ በመወሰን ይሠራሉ። ሰባ አምስት ዓመት «ግዴታ ነው» የተባለው ግዴታ አልነበረም።

የወንድማችን ምስጢር

ከውይይቱ ሁለት ሳምንት በኋላ ያ «አይጥ እኮ ናት» ያለው ወንድማችን ለብቻ ጠራንና አንድ ነገር ነገረን። ስሙን ሳናነሣ እንድንጽፈው ፈቅዶልናል።

ባለፈው ዒድ ቤተሰቡ ጋ ሲሄድ አይጦቹን ለጓደኛው አደራ ብሎ ነበር። ጓደኛው አንድ ቀን መጣ፤ ከዚያ ረሳ። ወንድማችን ሲመለስ የአንዱ ሳጥን የውሃ ጠርሙስ ጫፍ ተዘግቶ ሦስት አይጦች በጥም ሞተው አገኘ። ጠርሙሱ ሙሉ ነበር። በምትካቸው ሌሎች ሦስት አስገባ፤ በመዝገቡም ላይ ምንም አልጻፈም። «ያን ቀን የድመቷ ሐዲስ ትዝ ብሎኝ ነበር» አለን። «ስለዚህ ነው እህታችን ላይ የጮኽኩት።»

እኛ ልንፈርድበት አልተቀመጥንም። ዒድ ሲመጣ ሁላችንም ሻንጣችንን ይዘን ወደ መናኸሪያ የምንሮጥ ነን። ግን ነገሩ ሁለት አማና የያዘ መሆኑን ተነጋገርን። አንዱ የእንስሳቱ ነው። ሌላው የእውነቱ ነው፤ በመሐል የገቡት ሦስት አይጦች እንደ ሌሎቹ ተቆጥረው ከሆነ ያ ሠንጠረዥ ውሸት ነው። ውሸት ሠንጠረዥ ይዞ መድኃኒት ፍለጋ የሚሄድ ሰው መጨረሻው ሕመምተኛ ላይ ያርፋል። ወንድማችን ሄዶ ለአማካሪ መምህሩ ተናገረ፤ መዝገቡንም አስተካከለ። ጥናቱ በአንድ ወር ተኩል ዘገየበት።

«መድኃኒት በጠፋበት አገር ለአይጥ መጨነቅ ቅንጦት ነው» የሚሉንን ይህ ታሪክ ይመልስልናል። የተጠማች፣ የበረዳት፣ የፈራች አይጥ የምትሰጠው ቁጥር የተበላሸ ነው። ለእንስሳው ማዘንና ለሕመምተኛው ማዘን እዚህ ላይ አንድ ናቸው። ለጠርሙስ ውሃ ደግሞ በጀት አይጠየቅም።

ምን እናድርግ?

ጀመዓችን ሦስት ነገር ለማድረግ ተስማምቷል። አንደኛ፣ በዒድና በሴሚስተር ዕረፍት ጊዜ ግቢ የሚቀሩ የጤና ተማሪ አባሎቻችን፣ በትምህርት ክፍሉ ፈቃድና በኃላፊው ሥር፣ ውሃና መኖ በየቀኑ የሚያዩበት ተራ ይወጣል። ተራው የእንስሳቱ ባለቤት ሙስሊም ነው አይደለም ሳይል ለሁሉም ነው። ሁለተኛ፣ የመመረቂያ ጥናት የምታዘጋጁ እህት ወንድሞች በዕቅዳችሁ ላይ አራት ጥያቄ እንድትመልሱ እንጠይቃለን፦ ያለ እንስሳ ማድረግ አይቻልም ወይ? ይህ ቁጥር ለምን? የት ላይ ነው የምናቆመው? ውጤት ባይገኝስ የት እንጽፈዋለን? ሦስተኛ፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ጀማሪዎች በሕያው እንስሳ ከመጀመራቸው በፊት በአሻንጉሊትና በቪዲዮ አያያዝ እንዲማሩ ለትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ እንጽፋለን።

ለዚያች እህታችን ደግሞ ይህን እንላለን። መንቀጥቀጥሽ ድክመት አይደለም፤ አላህ በልብሽ ውስጥ ያኖረው ራሕመት ነው። ከዚያ ሥራ መራቅ ከፈለግሽ መብትሽ ነው፤ አማራጭ እንዲሰጥሽ አብረንሽ እንጠይቃለን። ግን አንድ ነገር አስቢበት። ልባቸው የሚሰማ ሰዎች ሁሉ ከቤተ ሙከራው ከወጡ፣ አይጦቹ የሚቀሩት ልቡ በማይሰማው ሰው እጅ ነው። ብትቆዪ የምናተርፈው እኛ ነን፤ እነሱም ያተርፋሉ።

ለጥያቄሽ ሙሉ መልስ አግኝተናል አንልም። አላህ ፊት የሚመለሰውን እያንዳንዳችን እናዘጋጃለን። «ያለ ቢላ ነበር» የሚለው ግን ብቻውን መልስ እንደማይሆን ከድመቷ ተምረናል።

አላህ (ሱ.ወ) እውቀታችንን ጠቃሚ፣ እጃችንንም አዛኝ ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።